ፒንተረስት በሳይንስ መምህር ዓይን

ብዙ ሰው ፒንተረስትን የሚያውቀው በሹሩባ፣ በሠርግ ልብስና በሳሎን ዲዛይን ነው። እውነት ነው፣ አፑን ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። እኔ ግን 7ኛና 8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ፒንተረስትንም የምከፍተው የትምህርት መርጃ መሣሪያ ፍለጋ ነው። ይህ ግምገማ ስለዚያ ብቻ ነው። ለሹሩባው ሌላ ሰው ጠይቁ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ፒንተረስት ለመምህሩ ግሩም ነገር ነው። ለተማሪው ግን አይሆንም። መምህሩ ማታ ቁጭ ብሎ ሐሳብ የሚለቃቅምበት ቦታ ነው እንጂ፣ "ልጆች፣ ገብታችሁ እዩ" ተብሎ የቤት ሥራ የሚሰጥበት አይደለም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ለማያውቁት ባጭሩ። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ነው። አሁን በወር ከ500 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠቀምበታል። ከመሥራቾቹ አንዱ ቤን ሲልበርማን ልጅ እያለ ነፍሳት ይሰበስብ እንደነበር ይናገራል፤ ለሳይንስ መምህር ደስ የሚል ወሬ ነው። አሠራሩም የስብስብ ነው። የወደዳችሁትን ሥዕል ታስቀምጣላችሁ፣ እሱ "ፒን" ይባላል። ፒኖቹን የምታጠራቅሙበት ደግሞ "ቦርድ" ነው። አስተያየትና ላይክ አለው፣ ግን እንደ ፌስቡክ የጭቅጭቅ ሜዳ አይደለም። ማንም ማንንም ሲሳደብ አላየሁም። ይህ ብቻውን ትልቅ እረፍት ነው።

እኔ ቦርዶቼን የከፈትኩት በመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ነው። አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ቦርድ። በውስጡ ደግሞ ክፍልፋይ መክፈት ይቻላል፤ አንዱን ለሥዕል፣ አንዱን ለሠርቶ ማሳያ፣ አንዱን ለጥያቄ። ሌላ ሰው እንዳያየው መደበቅም ይቻላል። ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር የጋራ ቦርድ መክፈት ትችላላችሁ፣ ይሄኛው በተለይ አንድ ዲፓርትመንት ውስጥ ላላችሁ ይጠቅማል። ከኔ ጋር የምትሠራው የባዮሎጂ መምህርት ያገኘችውን ትጥላለች፣ እኔ የኔን እጥላለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ስታፍ ውስጥ ሻይ እየጠጣን የትኛው እንደሚሆን እንማከራለን።

ዋናው ጉልበቱ ፍለጋው ላይ ነው። ጎግል ላይ "የሳንባ ሞዴል" ብትሉ ጽሑፍ ይመጣል፣ ማስታወቂያ ይመጣል፣ ሥዕሉም እዚህም እዚያም ነው። ፒንተረስት ላይ ግን አንድ ስትነኩ ከሥሩ የሚመሳሰሉት ተዘርግተው ይመጣሉ። አንዱን ሞዴል በሃያ ዓይነት ቁሳቁስ የሠሩ ሰዎችን ጎን ለጎን ታያላችሁ። እና ለኛ አገር መምህር ቁልፉ እዚህ ጋር ነው፤ አንዱ በውድ ዕቃ ይሠራዋል፣ ሌላው በቆሻሻ ይሠራዋል። እኛ የምንፈልገው የቆሻሻውን ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የመተንፈሻ ሥርዓት ስናስተምር ልጆቹ የሚቸገሩት ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ) ላይ ነው። "ድያፍራም ወደ ታች ሲወርድ አየር ይገባል" ትላላችሁ፣ ይጽፋሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይም ይመልሳሉ። ግን ለምን እንደሚገባ ብትጠይቋቸው ጸጥ ነው። ፒንተረስት ላይ ይህን የሚያሳይ የጠርሙስ ሞዴል ሞልቷል። አንድ ሃይላንድ፣ አንድ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ሁለት ፊኛ። በቃ።

ሃይላንዱን ከታች ትቆርጡታላችሁ። ክዳኑን ትበሱና ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ ታስገባላችሁ። በውስጥ በኩል ባለው የቀፎው ጫፍ ላይ አንዷን ፊኛ ታስራላችሁ፤ ሳንባው እሷ ናት። ሁለተኛዋን ፊኛ አፏን ቆርጣችሁ በተቆረጠው የጠርሙሱ ታችኛ ክፍል ላይ እንደ ከበሮ ትወጥሯታላችሁ፤ እሷ ድያፍራም ናት። አሁን የታችኛዋን ይዛችሁ ወደ ታች ሳቡ። ውስጥ ያለችው ፊኛ ማንም ሳይነፋት ትነፋለች። ልቀቁት፣ ትሟሽሻለች። ቦታው ሰፋ፣ ግፊቱ ቀነሰ፣ ከውጭ ያለው አየር ገባ። መጽሐፉ በአንድ አንቀጽ የሚለውን ልጁ በእጁ ይዞ ያየዋል።

ፒኑ ላይ ክዳኑን በሙቅ ማጣበቂያ ሽጉጥ አሽጉት ይላል። የት አባታችን እናገኘዋለን? የሻማ ሰም አንጠባጥበን ዘጋነው፣ ሠራ። አንድ ነገር ግን የትኛውም ፒን ላይ አላየሁም። የአንዳንዱ እስክሪብቶ ቀፎ ጎኑ ላይ ሚጢጢ ቀዳዳ አለችው። እሷን በፕላስተር ካልደፈናችኋት አየሩ በሷ ይሾልክና ፊኛዋ ዝም ብላ ታያችኋለች። ክዳኑን ፈታችሁ፣ ፊኛ ቀይራችሁ፣ ተራግማችሁ ልታልቁ ትችላላችሁ። ቀዳዳዋን ፈልጉ።

ታዲያ ሞዴሉ ጥያቄም ያመጣል። "ቲቸር፣ ሳንባ ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?" አለኝ አንዱ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፊኛ ባዶ ነው፣ ሳንባ ግን በጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሞላ ስፖንጅ መሳይ ነው። ጠርሙሱም አይሰፋም፣ የኛ ደረት ግን ይሰፋል፣ ጎድን አጥንቶቹ ይነሳሉ። ይህን ፒኑ አይነግራችሁም፤ መምህሩ ነው መንገር ያለበት። እኔ ከልኳንዳ ቤት የበግ ሳንባ አምጥቼ አሳየኋቸው። ቆርጠው በጣታቸው ጫን ሲያደርጉት አረፋ ሲወጣው አዩ። ከዚያ በኋላ የፊኛውን ነገር ማስረዳት አላስፈለገኝም። (በጾም ወቅት ከሆነ ልኳንዳው ዝግ ነው፣ ምዕራፉን ከካላንደሩ ጋር አስተያዩት።)

ወደ ሥዕሎቹ እንምጣ። ብዙ መምህር የሚሠራው ስህተት ያማረውን ፖስተር ፕሪንት አስደርጎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። አንደኛ፣ በኤ ፎር የታተመ ሥዕል ከኋላ ወንበር አይታይም። ሃምሳ ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነው የሚያየው። ሁለተኛ፣ ፖስተሩ በራሱ ከመጠን በላይ ያጌጠ ነው። ጨጓራው ፈገግ ይላል፣ አንጀቱ መነጽር አድርጓል፣ ዙሪያውን ኮከብና ቀስተ ደመና አለ። ልጁ መነጽሩን ያያል እንጂ አንጀቱን አያይም።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ሜየር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሰው ከሥዕልና ከቃል እንዴት እንደሚማር ለብዙ ዓመት አጥንቷል። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ሥዕልና ቃል ተጣምረው ሲቀርቡ ከቃል ብቻ የተሻለ እንደሚያስተምሩ ነው። ሌላኛው ደግሞ ደስ የሚል ነገር ግን ከርዕሱ ጋር የማይገናኝ ጌጥ ሲጨመር ትምህርቱ እንደሚቀንስ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው፤ ፒንተረስት የመጀመሪያውን አትረፍርፎ ይሰጣችኋል፣ ሁለተኛውንም አብሮ ይደርብላችኋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አታትሙት፣ ሳሉት። ፍሊፕ ቻርት ወይም ትልቅ ካርቶን ዘርጉ፣ ማርከር ያዙ፣ ከስልካችሁ እያያችሁ በትልቁ ሳሉት። ስትስሉ ጌጡ በራሱ ይቀራል፣ ማን ለአንጀት መነጽር ሲስል ይውላል? የሚቀረው ዋናው ነው። አፍ፣ ጉሮሮ፣ ጨጓራ፣ ጉበት፣ ቆሽት፣ ትንሹ አንጀት፣ ትልቁ አንጀት። ከዚያ ደግሞ የበለጠ የሚሠራው ሙሉውን አዘጋጅቶ መምጣት ሳይሆን ክፍል ውስጥ እየተናገራችሁ መሳል ነው። ጉርሻው የት ደረሰ? እዚህ። ቀጥሎስ? አንድ መስመር ትጨምራላችሁ። ልጆቹም ደብተራቸው ላይ አብረዋችሁ ይስላሉ። "ሥዕል አልችልም" የምትሉ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኔ ጨጓራ ጀበና ነው የሚመስለው። ግን ማንም ልጅ ከጉበት ጋር አላምታታውም።

ስትስሉ አንድ ነገር አጣሩ። የሥዕሉ ሰውዬ ፊት ለፊት ስለሚያያችሁ ጉበቱ በእናንተ ግራ በኩል ነው መታየት ያለበት። አንዳንድ ፒን ላይ ሥዕሉ ተገልብጦ ጉበት በሌላኛው ጎን ተቀምጧል። መማሪያ መጽሐፉን ከጎናችሁ ክፈቱት፣ ሳታመሳክሩ አትሳሉ።

እዚህ ጋር ነው ወደ ትልቁ ችግር የምንገባው። ፒንተረስት ላይ ስህተት ውብ ሆኖ ነው የሚመጣው። ፌስቡክ ላይ የተሳሳተ ነገር ቢኖር ከሥሩ አንድ ሰው "ውሸት ነው" ብሎ ይጽፋል። እዚህ ሰው ሴቭ አድርጎ ያልፋል። አንድ የተሳሳተ ፖስተር ለዓመታት ከቦርድ ወደ ቦርድ ይዞራል።

የምላስ ካርታን ታውቁታላችሁ? ጫፉ ጣፋጭ፣ ጎኑ ጎምዛዛ፣ ኋላው መራራ እያለ ምላስን እንደ ክልል የሚከፋፍለው። ስለ ስሜት ሕዋሳት የሆነ ነገር ስትፈልጉ በቀለም ያሸበረቀ የምላስ ካርታ በሽ ነው። ስህተት ነው። ጣዕም የሚቀበል የምላስ ክፍል ሁሉ ሁሉንም ጣዕም ያውቃል። የነገሩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣ አንድ የጀርመን ጥናት ነው። ጥናቱ ያገኘው በምላስ ክፍሎች መካከል ትንሽ የስሜት መጠን ልዩነት መኖሩን ነበር። በኋላ የመጡ ሰዎች ግን ልዩነቱን አጋንነው ወደ ካርታ ቀየሩት፣ ከዚያ በመጽሐፍ ሁሉ ገባ። እኔም ተማሪ እያለሁ ተምሬዋለሁ፣ እናንተም ሳትማሩት አልቀራችሁም።

ፖስተሩን ግን አልጣልኩትም። ክፍል ውስጥ ሳልኩትና "ይህ እውነት መሆኑን ፈትሹ" አልኳቸው። ስኳር በውሃ፣ ጨው በውሃ፣ ሎሚ፣ ለመራራው ደግሞ ስኳር የሌለው ቡና። ኮሶ አያስፈልግም። ስቴኪኒ ላይ ጥጥ ጠቅልለው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ፣ አንዴ የነከሩትን ድጋሚ ሳይነክሩ። አንዱ ይቀባል፣ ሌላው ይመዘግባል። "ቲቸር ስኳሩ ጎኑም ላይ ይጣፍጣል!" የሚል ጩኸት ተነሳ። አንዲት ልጅ ግን "እኔ ጫፉ ላይ ነው የበለጠ የጣፈጠኝ" ብላ ድርቅ አለች፤ ተዋት፣ የመዘገበችውን እኮ ነው የተናገረችው። ከዚያ "የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ነው?" የሚለው ላይ ግማሽ ክፍለ ጊዜ አለቀ። የሚያስቆጭ አልነበረም።

ለመምህራን የተዘጋጁት ፒኖችም ከዚህ አይድኑም። ያቺ ፒራሚድ አለች አይደል? "ካነበብነው 10 በመቶ፣ ከሰማነው 20 በመቶ፣ ካየነው 30 በመቶ እናስታውሳለን፤ ከሠራነው ግን 90 በመቶ" የምትለው። ሥልጠና ላይ ያላያት መምህር ካለ እጁን ያውጣ። ፒንተረስት ላይ በመቶ ዓይነት ቀለም ተሠርታለች። ብዙ ጊዜ ኤድጋር ዴል ለሚባል አሜሪካዊ መምህር ትሰጣለች። እሱ እ.ኤ.አ. በ1946 የልምድ ሾጣጣ የሚል ሥዕል ማውጣቱ እውነት ነው። ግን ሥዕሉ ላይ አንድም ቁጥር አልነበረም። ቁጥሩን ሌሎች ናቸው የጨመሩት። እስቲ አስቡት፣ እንዴት ሁሉም ሰው በትክክል 10፣ 20፣ 30 እያለ ያስታውሳል? ቁጥሩ በጣም ሲያምር ተጠራጠሩ።

አሁን ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጣ። ይሄ ነገሩን አባብሶታል። የልብ ሥዕል ነው፣ ያምራል፣ ያበራል፣ ግን የደም ሥሮቹ ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ ሠሪውም አያውቅም። በላዩ ላይ የተጻፈው ቃል ፊደሉ የተዘበራረቀ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 በኤአይ የተሠሩ ሥዕሎች ላይ ምልክት ማድረግ ጀምሯል፤ በአንዳንድ ርዕሶች ላይም ቁጥራቸውን የሚያስቀንስ ማስተካከያ ሴቲንጉ ውስጥ አስገብቷል። አብሩት። ግን ምልክቱ ሁሉንም ይይዛል ብላችሁ አትመኑ። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳድጌ አነባለሁ። ፊደሉ ከተበላሸ ሌላውንም አላምነውም።

በአማርኛስ? ይሄን የሚጠይቁኝ የታችኛው ክፍል መምህራን ናቸው። ቅሬታዬ ብዙ ነው። አፑ በአማርኛ አይሠራም፣ የቋንቋ ምርጫው ውስጥ የለም። ፍለጋው ግን በአማርኛ ስትጽፉ የሆነ ነገር ያመጣል። ፊደል ገበታ ትንሽ አለ፤ አብዛኛው ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ለልጆቻቸው ፊደል ማስቆጠሪያ ብለው ያዘጋጁት ይመስላል። አንዳንዱ በጣም ቆንጆ ነው፣ ከነሥዕሉ፣ ሀ ብሎ ሀብሐብ። ግን ቁጠሩት። 33ቱ ፊደል በሰባት ቤት 231 መምጣት አለበት፣ ቨን ከጨመሩ 238። የጎደለበት አለ፣ ኃምስና ሣልስ የተቀያየረበት አለ። ኤአይ የሠራውማ ጭራሽ ፊደል የሚመስል ፊደል ያልሆነ ነገር ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እሱን እያየ ቢያድግ አስቡት።

ሳይንስ በአማርኛ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ ፈልጉ፣ ሥዕሉን ውሰዱ፣ ስያሜውን ራሳችሁ ጻፉ። እንግሊዝኛ ላይ ስትፈልጉም ርዕሱን ብቻ አትጻፉ። "ሳንባ" ብቻ ካላችሁ የሕክምና ፎቶ ይመጣል፣ አንዳንዱ የሚዘገንን። "ሞዴል"፣ "ዳያግራም"፣ "ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ" የሚል ከኋላው ጨምሩ። የመጨረሻው በተለይ ወርቅ ነው። ሌላም ዘዴ አለ፤ የመማሪያ መጽሐፉን ሥዕል በካሜራ አንሱና በሥዕል ፈልግ በሉት፣ የሚመሳሰለውን ያመጣል። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ደብዛዛ ከሆነ ጥርት ያለውን የምታገኙት እንዲህ ነው።

ሌላው የሚያስቸግረው ነገር ሁሉ አሜሪካ መሆኑ ነው። በመስከረም ክፍል ማስዋቢያ ፈልጉ፤ የወደቀ ቅጠልና ዱባ ይመጣላችኋል። እኛ ጋ መስከረም አደይ አበባ ነው። የሒሳብ ወርክሺቱ ሳንቲም በአሜሪካ ሳንቲም ያስቆጥራል፣ ርዝመቱ በኢንች ነው፣ ወቅቶቹ በበረዶ የታጀቡ ናቸው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ልጁ ጥያቄውን ከመመለሱ በፊት "ዳይም ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ወረቀታቸውም ይለያል፤ የነሱ ሌተር ነው፣ የኛ ኤ ፎር። አንድ ፕሪንት ቤት እንደ ወረደ አትመውልኝ የጠርዙ ጽሑፍ ተቆርጦ ወጣ፤ ሃምሳ ኮፒ ካወጡ በኋላ ነው የታየው። ለወረቀቱ ልክ አስተካክሉልኝ በሉ፣ ካልሆነም አንድ አስወጥታችሁ አይታችሁ ቀሪውን አዘዙ።

ወርክሺት ደግሞ ስትነኩ ብዙ ጊዜ ወደ መሸጫ ገጽ ነው የሚወስዳችሁ። በብዛት የሚመጣው ቲቸርስ ፔይ ቲቸርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የኒውዮርክ መምህር ያቋቋመው፣ መምህራን ያዘጋጁትን ለመምህራን የሚሸጡበት ገበያ ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ መምህር በላቡ ገንዘብ ሲያገኝ ማን ይጠላል። ግን ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፣ የኛ ደሞዝ በብር። ነፃ የሚለቀቁም አሉ፣ በፍለጋው ላይ ነፃ የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ካልሆነ ሐሳቡን ብቻ ይዛችሁ የራሳችሁን አዘጋጁ። ስንት ጥያቄ ነው እሱ? አሥር ነው፣ በእጅ ይጻፋል።

አሁን "ከዩቲዩብ ምን ይሻላል?" የምትሉ አላችሁ። የሚንቀሳቀስ ነገር ከሆነ ዩቲዩብ ይሻላል፣ ክርክር የለውም። የልብ ምት፣ የሕዋስ ክፍፍል፣ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቆመ ሥዕል አይገባም። ፍጥነቱንም መቀነስ ይቻላል። ችግሩ ክፍል ውስጥ ማሳያ የለንም፣ ፕሮጀክተር ያለበት ትምህርት ቤት ለሁሉም አይደርስም፤ መብራትና ዳታም አለ። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፣ ሥዕል ትንሽ ይነካል። ለዚህ ነው ከዩቲዩብ ይልቅ ፒንተረስት ለዕለት ሥራ የሚመቸኝ። ሥዕሉን ማታ አወርዳለሁ፣ ክፍል ስገባ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለኝም።

ቲክቶክ ላይ ልጆቹ አሉ፣ ይታወቃል። እዚያ የሳይንስ ሙከራ የሚያሳዩ ጎበዞች አሉ፣ አማርኛ የሚናገሩም አሉ። ለመቀስቀሻ አንድ ደቂቃ ጥሩ ነው። ለጥናት ግን ልጁን "ቲክቶክ ላይ አጥና" ማለት ገበያ መሃል አቁሞ አንብብ እንደማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ኢንስታግራም በመሃል ነው። በአንድ ፖስት እስከ 20 ሥዕል ስለሚያስገባ ደረጃ በደረጃ ለሚብራራ ነገር ይመቻል፣ የእንግሊዝኛ ቃላት ለሚያስተምሩም ጥሩ ነው። ግን መልሶ ማግኘት መከራ ነው። ያየኋትን ፖስት ስፈልግ የማላውቃቸው ሰዎች ዕረፍት ላይ ሲዝናኑ አይቼ እወጣለሁ።

ለማከፋፈል ግን ቴሌግራም። በዚህ ማንም አይከራከረኝም። የወላጅ ግሩፕ አለ፣ የተማሪ ቻናል አለ፣ መጽሐፉም በፒዲኤፍ የሚዞረው እዚያው ነው። የሳላችሁትን ፍሊፕ ቻርት ፎቶ አንስታችሁ የምትልኩትም እዚያው ነው። ስትልኩ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰውና ትንንሹ ጽሑፍ አይነበብም።

ፒንተረስት ለተማሪ አይሆንም ያልኩት ለምን እንደሆነ ልጨርሰው። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። አፑ ከ13 ዓመት በታች ያለን አይቀበልም፤ 7ኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ 12 የሆኑ ሞልተዋል። ሁለተኛው ያው ስህተቱ ነው፣ ልጁ የምላስ ካርታውን ከትክክለኛው የሚለይበት ዕውቀት ገና የለውም፤ ሊማር እኮ ነው የመጣው። ሦስተኛው ደግሞ ፒንተረስት ቶሎ ያስረሳል። ስለ ቅጠል ገብታችሁ በአምስተኛው ጠቅታ የመጋረጃ ዲዛይን ላይ ናችሁ። እኔ ትልቁ ሰውዬ ራሴን ይዤ መውጣት ያቅተኛል። ለፕሮጀክት ሥራ ሥዕል ፈልጉ የምላቸው ከሆነ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ወደሚባለው ነፃ የሥዕል ማከማቻ እልካቸዋለሁ። እዚያ ሥዕሉን ማን እንዳነሳው፣ መቼ እንደተነሳ፣ በምን ፈቃድ መጠቀም እንደሚቻል ተጽፏል። ፒንተረስት ላይ አንድ ሥዕል ከአሥር ቦርድ አልፎ ባለቤቱ ጠፍቶ ነው የምታገኙት።

ስለ ባለቤት ካነሳን አይቀር። የኛው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለማስተማር ሥራ በአግባቡ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ የሚቻል እስከሆነ ድረስ ግን የሠሪው ስምና ምንጩ ይጠቀስ ይላል። ክፍል ውስጥ ፍሊፕ ቻርት ላይ ስላችሁ ማስተማራችሁ ችግር የለውም። ከፒንተረስት የለቀማችሁትን አሳትማችሁ እንደ ማጠናከሪያ መጽሐፍ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ የተሠሩ "ሾርት ኖት" የሚባሉ ነገሮች በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲሸጡ አይታችሁ ይሆናል። የሌላ አገር መምህር ስም ከሥሩ ተፍቆ።

ዋጋ። አፑ ነፃ ነው። በየመሃሉ ማስታወቂያ ይገባል፣ እሱን የሚያስወግድ ክፍያ ብዬ የምነግራችሁ ነገር የለም፣ ዝም ብላችሁ አልፉት። አካውንት ሳይከፍቱ ብዙ ማየት አይቻልም፣ ስለዚህ ለሥራ ብቻ የሚሆን ኢሜይል ክፈቱና በሱ ግቡ። የምርጫችሁን ርዕስ ሲጠይቃችሁ ትምህርትና ሳይንስ ብቻ ምረጡ፤ ሹሩባውን ከነካችሁት ሌላ ሳምንት ሙሉ ሹሩባ ነው። ዋናው ወጪ ከአፑ ውጭ ነው፤ ፍሊፕ ቻርት፣ ማርከር፣ ፕላስተር፣ ፊኛ። ይህን ከኪሳችሁ አታውጡ። ትምህርት ቤቱ ፔዳጎጂካል ማዕከል ካለው እዚያ ጠይቁ፣ ከሌለ ዩኒት ሊደሩን ጠይቁ፣ በሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ በጽሑፍ። ሃይላንዱን ልጆቹ ያመጡታል፤ አንድ አምጡ ስትሏቸው እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ይዘው ይመጣሉና የምታስቀምጡበት ማዳበሪያ ከወዲሁ አዘጋጁ።